ኮይልን በሞተር ክፍል ውስጥ የት ማሰር ይሻላል?

ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ወይም በቡራዩና በሰበታ በኩል ዲስትሪቢውተር (ኤሌክትሪኩን በየተራ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዕቃ) ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና የሚያሽከረክር ሰው፣ ጠዋት ያለ ችግር የተነሣው ሞተር ዳገት ከወጣ በኋላ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ሲነሣ ያጋጥመው ይሆናል። መንስኤው ብዙ ሊሆን ቢችልም፣ አዲስ ኮይል ከመግዛት በፊት የነባሩን ቦታ መመርመር ይገባል። ኮይል የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ከፍ አድርጎ ለካንዴላዎቹ የሚያቀብል በመሆኑ፣ ሙቀት ሲበዛበት የሽቦው መከላከያ ይዳከማል፣ ብልጭታውም ይሳሳል።

ተመራጩ ቦታ ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ ጎን ያለው የፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛው ቆርቆሮ) ውስጠኛ ግድግዳ ነው። በሞተሩ አካል ላይ ማሰር ሙቀትንም ንዝረትንም ስለሚያመጣ አልመክርም፤ ዝቅ አድርጎ ማሰርም በክረምት ለኩሬ ውኃ ያጋልጠዋል። ቦታውን ለመፈተን ዳገት ወጥታችሁ ሞተሩን አጥፉና ኮፈኑን ሳትከፍቱ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ መኪናው ሲቆም የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለሚቋረጥ ሙቀቱ የሚያይለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ከፍታችሁ እጃችሁን ብረቱን ሳታስነኩ ወደታሰበው ቦታ ስታስጠጉ ወላፈኑን መቋቋም ካቃታችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደው ወፍራም ገመድ አጭር ይሁን፣ ብረትም አይንካ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ በቀላሉ ያመልጣል። አቧራ የጠጣና የተሰነጠቀ ገመድ በጨለማ ሲታይ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ይረጫል፤ ሞተሩ እየሠራ ግን ፈጽሞ አትንኩት።

ሥራውን ስትጀምሩ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ከቁልፍ የሚመጣውን የፖዘቲቭ ሽቦና ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደውን የኔጋቲቭ ሽቦ ምልክት አድርጉባቸው፤ ቢቀያየሩ ብልጭታው ይደክማልና። በፖዘቲቭ ሽቦው መስመር ላይ ሬዚስተር (ወደ ኮይሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቀንስ ዕቃ) ካለ አብሮ ይዛወር እንጂ አይዘለል። ዘይት ያለበትን ክብ ኮይል የገመድ መግቢያውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙት፤ በዚህ አኳኋን ዘይቱ በውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅል በሚገባ ይሸፍነዋል። ማሰሪያውን በሁለት ቡሎን አጥብቁ፣ ነገር ግን ቆርቆሮው እስኪሰረጉድ ድረስ አታጥብቁ፤ ስርጉዱ ውስጡን ሊጎዳ ይችላል። በኮረኮንች መንገድ ጥቂት ቀን ከነዳችሁ በኋላ ቡሎኖቹ አለመላላታቸውን አረጋግጡ። በየካንዴላው ላይ የሚቀመጡት የአዳዲስ መኪኖች ኮይሎች ቦታቸው አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ይህ መመሪያ አይመለከታቸውም።