የሜዲካል ፋኩልቲ ፕሮሞሽን፦ ፋይሉን ለማያውቃችሁ ሰው አዘጋጁት

ሕክምና እያስተማራችሁ ማዕረግ ለምትጠብቁ ሰዎች የሚነገራችሁ ያው አንድ ነገር ነው፣ ፔፐር አሳትሙ። ማሳተሙ ወሳኝ ነው አልክድም፣ ግን ተማሪ የሚወዳቸው፣ ቀን ከሌት ዋርድ የሚውሉ ሐኪሞች አሲስታንት ፕሮፌሰር ላይ ተቸክለው ሲቀሩ ሁሌ ስላላሳተሙ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የሠሩት ነገር ወረቀት ላይ ስለሌለ ነው። የሚወስነው ሰው እኮ አብሯችሁ ራውንድ የሚዞረው አይደለም። ፋይሉ ከዲፓርትመንት ኃላፊ ወደ ዲፓርትመንት ኮሚቴ፣ ከዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ፣ ወደ ዲኑ፣ ከዛም ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳል፣ አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር እናንተን የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው የሚሄደው። መጨረሻ ላይ የሚያነበው ሰው የሌላ ሙያ ሰው ሁሉ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የተቋማችሁን የፕሮሞሽን መመሪያ ፈልጋችሁ ራሳችሁ አንብቡት፣ ሲኒየር የሆነ ሰው "በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር" ያላችሁን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ መመሪያ ይቀየራል። በተለይ በየትኛው ትራክ (የቅጥር ዘርፍ) እንደተቀጠራችሁ እዩ። ክሊኒሽያን ኤዱኬተር (በዋናነት እያከመ የሚያስተምር) ሆኖ የተቀጠረ ሰውና በሪሰርች ትራክ የተቀጠረ ሰው የሚጠየቁት አንድ አይደለም፣ የቅጥር ደብዳቤውን ሳያነብ ስንት ዓመት የሚቀመጥ ሰው አለ ብትባሉ አታምኑም። ሰዓት የሚቆጥር ትራክ ላይ፣ ማለትም በተወሰነ ዓመት ውስጥ ቋሚነት ካላገኛችሁ የምትሰናበቱበት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው መግለጫ የሙከራ ጊዜ ከ7 ዓመት እንዳይበልጥ ይላል፣ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን የክሊኒክ ሥራውን አስበው ከዛ ያረዝሙታል። ለወሊድ ወይ ለሕመም ሰዓቱ የሚቆምበት አሠራር ካለ ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በቃል የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሲቪ ላይ ብዙ አልቆይም። የተቋሙን ፎርማት ተጠቀሙ፣ ኦርኪድ (ORCID) የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ከሌላችሁ አውጡ፣ ነፃ ነው፣ ስም የሚመሳሰሉ ሰዎችን ሥራ ይለይላችኋል። ከእያንዳንዱ ዋና ፔፐር ስር እናንተ ምን እንደሠራችሁ አንድ መስመር ጻፉ፣ ዲዛይኑን ነው? ዳታውን ነው? ትንታኔውን ነው? ሃያ ሰው በፈረመበት ፔፐር መሀል ላይ ያለ ስም ለማያውቃችሁ ሰው ምንም አይነግረውም። በሕክምና መጀመሪያ ላይ ያለው ስም ሥራውን የሠራው፣ መጨረሻ ላይ ያለው የመራው ተደርጎ ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ ወደ ፕሮፌሰርነት ስትጠጉ መጨረሻ ላይ መታየት መጀመር አለባችሁ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ ያለው የራሳችሁ ሬዚደንት ወይ ፌሎው ከሆነ አሪፍ ነው። ኤች ኢንዴክስ (ፔፐሮቻችሁ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) ከጻፋችሁ ከየት እንደወሰዳችሁትና መቼ እንደሆነ ጻፉ፣ ፔፐርና ጥቅስ የሚመዘግቡት ጉግል ስኮላርና ስኮፐስ የሚሰጡት ቁጥር አንድ አይደለም፣ ጉግል ብዙውን ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፣ ይሄን የሚያውቅ ገምጋሚ ደግሞ አይጠፋም። በሦስት ቀን አክሴፕት እናረጋለን እያሉ ኢሜይል የሚልኩትን ጆርናሎች በሩቁ ሽሿቸው፣ አንድ እንደዛ ያለ ፔፐር የቀሩትንም ያስጠረጥራል።

አሁን ክሊኒክ ለሚበዛባችሁ ዋናው ነገር፣ የማስተማር ፋይል። አልጋ አጠገብ ያስተማራችሁት ነገር በጊዜው ካልተመዘገበ ጠፋ በቃ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ማን ያስታውሰዋል? አንድ ኤክሴል ክፈቱና በየወሩ መጨረሻ ሙሉት፦ ምን አስተማርኩ፣ ለማን፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት። የተማሪ ግምገማ ሲመጣ ጥሩውን ብቻ መርጣችሁ አታስቀምጡ፣ ሁሉንም አስቀምጡና ከዲፓርትመንቱ አማካይ ጋር አወዳድሩት። 4.6 ከ5 ብቻውን ምን ማለት ነው? ሌላው ሁሉ 4.7 ከሆነስ? ያስተማራችኋቸው የት ደረሱ የሚለውም ይመዝገብ፣ ይሄ ኮሚቴ የሚወደው ነገር ነው።

ከዛ ደግሞ የሠራችሁትን ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ወደሚችል ነገር ቀይሩት። ለሬዚደንቶች የሲሙሌሽን ኬዝ ካዘጋጃችሁ ሜድኤድፖርታል ላይ ማስገባት ትችላላችሁ፣ የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያወጣው ነው፣ በባለሙያ ይገመገማል፣ እንደ ፐብሊኬሽን ይቆጠራል። ዋርዳችሁ ውስጥ ፕሮቶኮል ከቀየራችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ቁጥሩን ያዙ፣ የኢንፌክሽኑ መጠን ስንት ነበር፣ ከስድስት ወር በኋላስ? "የዋርዱን አሠራር አሻሻልኩ" የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ይጽፋል፣ ከጎኑ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ሲቀመጥ ግን ማስረጃ ይሆናል።

የውጭ ገምጋሚ ደብዳቤ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚነቃበት ነው። አብዛኛው ተቋም የምትፈልጉት ማዕረግ ላይ ወይ ከዛ በላይ ካለ፣ የቀድሞ አስተማሪያችሁም አብሯችሁ የሚጽፍም ካልሆነ ሰው ነው ደብዳቤ የሚፈልገው። ስም መጠቆም ይፈቀድላችሁ ይሆናል እንጂ ራሳችሁ ደውላችሁ "ጻፍልኝ" ማለት ብዙ ቦታ ክልክል ነው። እንግዲህ አብሯችሁ ያልሠራ ሰው ስለናንተ ምን ብሎ ይጽፋል? ለዛ ነው ሁለት ሦስት ዓመት ቀድሞ መውጣት ያለባችሁ፦ የሙያ ማኅበራችሁ የጋይድላይን ኮሚቴ ውስጥ ግቡ፣ ለጆርናል ፔፐር ገምግሙ፣ ሌላ ተቋም ግራንድ ራውንድ (ሐኪሞች ተሰብስበው ትምህርት የሚሰሙበት መድረክ) ላይ አቅርቡ። ዓይናፋር ሰው ይከብደዋል አውቃለሁ፣ ግን ወደ አሶሼት ፕሮፌሰር ሲሆን ከግቢ ውጪ፣ ወደ ፕሮፌሰር ሲሆን ደግሞ አገር አቀፍ አንዳንዴም ዓለም አቀፍ ዕውቅና ነው የሚፈለገው።

ግላዊ መግለጫው ሲቪውን መድገሚያ አይደለም። አንድ ክር ይኑረው። "የምሠራው የሴፕሲስ ቶሎ መለየት ላይ ነው፣ የማስተምረውም እሱን ነው፣ ፔፐሮቼም ፕሮቶኮሉም እዛው ላይ ናቸው" የሚል ሰው ሁሉን ነገር ትንሽ ትንሽ ከነካካ ሰው በላይ ይታያል። ለሌላ ሙያ ሰው ስጡትና አስነብቡት፣ ካልገባው ኮሚቴውም አይገባውም።

ኮሚቴ ላይ መቀመጥን በተመለከተ፣ አዎ ሰርቪስ ይቆጠራል፣ ግን ትንሽ ነው የሚቆጠረው። ሴቶች ደግሞ ይሄ ሸክም ይበዛባቸዋል፣ ወደ ላይኛው ማዕረግም በዝግታ ነው የሚወጡት፣ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ነገር ነው። አዲስ ኮሚቴ ስትጠየቁ "ከዚህ ምን የሚታይ ውጤት ይወጣል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልስ ከሌለው አሁን አይመቸኝም ማለት ነውር የለውም።

በየዓመቱ ከኃላፊያችሁ ጋር ስትቀመጡ "እንዴት ነኝ?" አትበሉ፣ "ፋይሌ ዛሬ ቢገባ ምን ይጎድለዋል?" በሉ፣ ከስብሰባው በኋላ እሱ የነገራችሁን በኢሜይል ጽፋችሁ ላኩለት።

ካልተሳካ የተከለከላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ይግባኝ የሚዘጋበትን ቀን ደግሞ በዛው ቀን እዩ፣ አጭር ነው ብዙ ጊዜ። ይግባኝ የሚሰማው በአብዛኛው ሥርዓቱ ሲጣስ ነው፣ የጎደለ ደብዳቤ፣ ያልተላከ ሰነድ ምናምን፣ "ሥራዬን አሳነሱብኝ" የሚል ቅሬታ ግን ሩቅ አይሄድም። ሥርዓቱ በትክክል ከሄደ መቼ ድጋሚ ማስገባት እንደሚቻል ጠይቁና ኮሚቴው ጎደለ ያለውን ብቻ ይዛችሁ ሥሩ።