ካስ13ን በመጠቀም በሕያው የካንሰር ህዋስ ውስጥ አርኤንኤን እንዴት ማየት ይቻላል

ክሪስፐር የተባለው የዘረመል ማረሚያ ዘዴ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ዲኤንኤን የሚቆርጠው ካስ9 የተባለው ፕሮቲን ነው። ካስ13 ግን የሚያነጣጥረው ከዲኤንኤ የሚቀዳውን ሞለኪውል፣ አርኤንኤን ሲሆን፣ የመቁረጥ ችሎታው ከተወገደና የሚያበራ ፕሮቲን ከተያያዘበት ዒላማው ያለበትን ቦታ ይጠቁማል። በነባሩ ዘዴ አርኤንኤን ለማየት ህዋሱን በፎርማልዴሃይድ ገድሎ ማጽናት ግድ ስለሚል የሚገኘው የአንድ ቅጽበት ምስል ብቻ ነው፤ በካስ13 ግን እንቅስቃሴውን መከታተል ይቻላል።

በመጀመሪያ ዒላማውን መምረጥ ያስፈልጋል። ለጀማሪ የሚመከረው ኒት1 የተባለው አርኤንኤ ነው፤ ፕሮቲን የማይሠራ ሆኖ፣ ብዙ ቅጂዎቹ በኒውክለስ (በህዋሱ እምብርት) ውስጥ ፓራስፔክል በሚባሉ ጥቃቅን አካላት ላይ ስለሚሰባሰቡ ጎልቶ የሚታይ ነጥብ ይፈጥራል። በህዋሱ ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ አርኤንኤ ግን ከጭጋግ ያለፈ ነገር ላያሳይ ይችላል። ለሙከራው የሂላ ህዋሳት ይስማማሉ፤ እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1951 በባልቲሞር ከሄንሪታ ላክስ የማኅፀን በር ካንሰር ያለ እርሷ ፈቃድ የተወሰዱ መሆናቸውን የሚጠቀምባቸው ሁሉ ሊያውቅ ይገባል።

ቀጥሎ ፕሮቲኑ ይዘጋጃል። ፒኤስፒካስ13ቢ በተባለው ዓይነት ላይ በ133ኛውና በ1058ኛው ቦታ ያሉት ሂስቲዲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች አላኒን በተባለው ሲተኩ መቁረጡ ይቆማል፣ ዒላማውን መያዙ ግን ይቀጥላል። በእርሱ ላይ አረንጓዴ የሚያበራው ፕሮቲንና ወደ ኒውክለስ የሚያስገባው ምልክት ይቀጠላሉ። ፕሮቲኑን ወደ ዒላማው የሚወስደው መሪ አርኤንኤ ደግሞ ከኒት1 ጋር የሚገጥሙ 30 ፊደላት ይኖሩታል። አርኤንኤ በራሱ ላይ የሚተጣጠፍ በመሆኑ የትኛው ክፍል ለመሪው ክፍት እንደሆነ አስቀድሞ መናገር ስለሚያስቸግር፣ በተለያዩ ቦታዎች ላይ የሚያርፉ በርካታ መሪዎችን ሠርቶ ማወዳደር ይሻላል።

ፕሮቲኑና መሪው በፕላስሚድ፣ ማለትም በክብ የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ተጭነው፣ ታችኛው ክፍሉ ስስ መስታወት በሆነ ሳህን ላይ ወዳደጉት ህዋሳት በስብ ነክ ማስገቢያ ይገባሉ፤ ከዚያም በ37 ዲግሪ ሴልሺየስና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያሉ። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዒላማውን ያላገኘው ፕሮቲንም እንደ ያዘው ያበራልና፣ የፕሮቲኑ ፕላስሚድ ከበዛ ነጥቦቹ በጠራራ ፀሐይ እንደ በራ ሻማ ይሆናሉ። ስለዚህ መጠኑን መቀነስ፣ በማይክሮስኮፕም ሲታይ በጣም ደማቆቹን ትቶ ደብዘዝ ያሉትን ህዋሳት መምረጥ ይገባል።

ምስሉ በ488 ናኖሜትር ሌዘር ይነሳል። ሌዘሩ ከበረታ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ህዋሱም ይጎዳል፤ ስለሆነም ደካማ ብርሃንና አጭር የማንሻ ጊዜ ይመረጣሉ።

ነጥብ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ራሱ ተጓጉሎ ሊሆን ይችላል። ምንም ዒላማ የሌለው መሪ በተሰጣቸው ህዋሳት ተመሳሳይ ነጥብ ከታየ ውጤቱ መጣል አለበት። ከምስሉ በኋላ እነዚያኑ ህዋሳት አጽንቶ ኒት1ን በነባሩ ዘዴ በሌላ ቀለም ማቅለምና ሁለቱ ቀለሞች መደራረባቸውን ማየት ያስፈልጋል። በመጨረሻም፣ ለካንሰር ሕክምና የሚውለውና የአርኤንኤን መሠራት የሚያግደው አክቲኖማይሲን ዲ ተጨምሮ በየጥቂት ደቂቃው ምስል ይነሳል፤ ፓራስፔክሎች ያለ አዲስ ኒት1 ስለማይጸኑ ነጥቦቹ መፍረስ አለባቸው፣ ካልፈረሱም የታየው ኒት1 መሆኑ አጠራጣሪ ነው።