ለአርኤክስ-8 አዲስ ባለቤት፦ ሮታሪ ሞተር በአዲስ አበባ ዳርቻ እንዴት ይያዛል

ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባሉ ባለ ሦስት ማዕዘን አካላት የሚዞሩበት) ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አውራ ጎዳና ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ነው። ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ላይ በውርጭ ማለዳ ዘበኛው ማዝዳ አርኤክስ-8ቱን አስነስቶ አምስት ሜትር ወደ ኋላ ይወስደውና ያጠፋዋል። ከሰዓት ባለቤቱ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ኮምፒውተሩ ብዙ ቤንዚን ይረጫል። ሳይሞቅ ከጠፋ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካንዴላውን ያረጥባል፤ በሮተሮቹ ጫፍ ያሉት ሲሎች (ማሸጊያዎች) በደንብ እንዲገጥሙ የሚረዳውን ዘይት ደግሞ ያጥበዋል፤ ኮምፕሬሽኑ (ሞተሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይወድቃል። ስለዚህ አንዴ ከተነሳ የሙቀት መለኪያው ቀስት መደበኛ ቦታው እስኪደርስ አይጠፋም። ቦታ ለመቀየር ብቻ ከሆነ ፍሬን ለቆ መግፋት ይሻላል። መኪና አጣቢ ልጅ ቁልፍ ሲጠይቅ አይስጡ።

ቤንዚን ከጠጣ በኋላ ደጋግሞ ቁልፍ ማዞር ነገሩን ያባብሰዋል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጡ፤ ያኔ ኮምፒውተሩ መርጨቱን ያቆማል። እንደረገጡ ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ያዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ፣ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ እግር አንስተው ይሞክሩ። እምቢ ካለ የፊት ግራ ጎማውን አውልቀው በዚያ በኩል አራቱን ካንዴላዎች ያውጡ። ሁለቱ የታች፣ ሁለቱ የላይ ናቸው፤ አይነታቸውም ይለያያል፦ ታች አርኢ7ሲ-ኤል፣ ላይ አርኢ9ቢ-ቲ። ሽቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፣ ቢቀያየሩ ሌላ ጣጣ ነው። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ እና የቦቢናዎቹን ሶኬት ነቅለው (ብልጭታና የቤንዚን ትነት አብረው አይሄዱም) ሞተሩን ጥቂት ሰከንድ ያዙሩ፤ የታፈነው ይተፋል። በየሮተሩ ክፍል አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው፣ ካንዴላውን አድርቀው ይመልሱ። ሲነሳ ሰፈሩን በጭስ ይሞላዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይጠራል። በገመድ ጎትቶ ማስነሳት ግን ይቅር፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ሄዶ እዚያ ይቃጠላል። የሞተሪኖው አዟዟር ከዘገየ ባትሪውንና ገመዶቹን አስቀድመው ይፈትሹ፤ ቀርፋፋ ሞተሪኖ ራሱ ይህን ችግር ያመጣል።

ዘይት መብላቱ ጉድለት አይደለም። ሞተሩ ሲሎቹን ለማለስለስ ሆን ብሎ ዘይት ወደ ማቃጠያ ክፍሉ የሚረጭ ፓምፕ አለው። «ፒስተኑ አልቋል» የሚል መካኒክ ካገኙ ፒስተን እንደሌለው ይንገሩት። በየሁለተኛው ቤንዚን ሙሌት፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይዩ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሊትር 5ደብልዩ-30 ዘይት ይኑር። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር ይለውጡ። ሲቀየር የሚወርደው 3.5 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ቀሪው በዘይት ማቀዝቀዣዎቹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉውን ጋሎን መገልበጥ ሳይሆን በመለኪያው ልክ መሙላት። ብዙ ባለቤቶች ተጨማሪ ጥንቃቄ ብለው የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቅላሉ፤ ለ40 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መሙያው አንገት ላይ እንደ እርጎ የነጣ አረፋ ቢያዩ ወዲያው አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ በአጭር ጉዞ የሚጠራቀም እርጥበት ነው። የራዲያተሩ ውሃ በተደጋጋሚ ከጎደለና ማለዳ ነጭ ጭስ ካለ ግን የውሃ ሲሎቹን ይጠርጥሩ።

ሙቀት ይህን ሞተር አይምርም። በ2400 ሜትር ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነውና ያረጀ ክዳን እዚህ ከቆላ ይልቅ ቶሎ ያጋልጣል። አዲስ ይግጠሙ። የዳሽ ቦርዱ ቀስት አይታመንም፤ መሃል ላይ ቆሞ ቆይቶ የሚንቀሳቀሰው ከረፈደ ነው። የስህተት ኮድ ማንበቢያ በስልክ አገናኝተው ትክክለኛውን ዲግሪ ይከታተሉ፦ ከ80 እስከ 95 ጤነኛ ነው፣ 105 ካለፈ ቆመው ያጥፉ። የኮብልስቶን መንገድና ከፍ ያለ ጉብታ ከፓራውልቱ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ይገነጥሉታል። «ጌጥ ነው» ብለው አይተዉት፤ አየሩን ወደ ራዲያተሩ የሚመራው እሱ ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የሚደፍናቸውን የዘይት ማቀዝቀዣዎች በቀስታ ውሃ ያጥቡ።

ቦቢናዎቹ አራት ናቸው፣ በየ50,000 ኪሎ ሜትሩ እንደ ፍጆታ ዕቃ ይቁጠሯቸው። አንዱ ሲደክም ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጥሬ ቤንዚን ካታሊስቱን ያቀልጣል፣ የተደፈነ ካታሊስት ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ላይኛው ዙር ላይ ጉልበት ካጣ ከሁሉም በፊት ይህን ሰንሰለት ይፈትሹ።

ቀዝቃዛ ሆኖ በደቂቃ ከ3000 ዙር አያሳልፉት። ከሞቀ በኋላ ግን መቆጠብ ጥሩ አይደለም፤ ዝቅተኛ ዙር ጥላሸት ያከማቻል። ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ 7000 ዙር 80 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ ነው፤ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳይወጡ ሞተሩን ማጽዳት ይቻላል።

ኮምፕሬሽኑን በገዙበት ሳምንት ያስለኩ። የተለመደው የፒስተን መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ፊቶች ትልቁን ብቻ ስለሚያሳይ የሮታሪ መለኪያ ያስፈልጋል። ፋብሪካው የሚቀበለው ዝቅተኛ ልክ በ250 ዙር 680 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ይህ ግን ለባሕር ጠረፍ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ 510 አካባቢ የዚያ እኩያ ነው። በአንድ ሮተር ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ150፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ከ100 መብለጥ የለበትም። መለኪያው ካልተገኘ የፒስተኑን መለኪያ የአየር መያዣ ቫልቭ ነቅለው ሞተሪኖውን እያዞሩ ያዳምጡ፤ ሦስቱ ትንፋሾች እኩል ካልሆኑ ከሲሎቹ አንዱ ተጎድቷል ማለት ነው።