ጭላዳን ጀግና የሚያደርግ ጌም እንዴት ይነደፋል?

የሚወደውን እንስሳ ጌም ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የለመደውን የሩጫና የዝላይ ጌም ወስዶ የእንስሳውን ምስል ይለጥፍበታል። እንዲህ ባለው ጌም እንስሳው ወጥቶ ድመት ቢገባ የሚጎድል ነገር የለም። የጌሙ ሕግ ከእንስሳው ኑሮ መውጣት አለበት። እኔ የመረጥኩት ጭላዳን ነው፤ ከደሴ በስተምዕራብ ባለው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኝ የደጋ ዝንጀሮ።

1. ኑሮውን ጻፉ

ጭላዳ ሣር በል ነው። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ ይበላል፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲልም ሳይነሳ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ሲመሽ ነብርና ጅብ እንዳያገኙት ገደል ላይ ወርዶ ያድራል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬት ቆፍሮ ሥር ያወጣል። ሊያስፈራራ ሲፈልግ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። የወንዱ ቀይ ደረት ደግሞ የመንጋ መሪ ሲሆን ይደምቃል።

2. ኑሮውን ሕግ አድርጉት

ከጻፋችሁት ውስጥ ተጫዋቹን የሚያስጨንቀውን ፈልጉ። እዚህ ጭንቀቱ ግልጽ ነው፤ ምግቡ ሜዳ ላይ፣ ማደሪያው ገደል ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሳይመሽ ምን ያህል ልራቅ?» ይሆናል። የደረቱ ቅላት የጉልበት መለኪያ ይሁን፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ የልብ ምልክት መደርደር አያስፈልግም። ከንፈር መገልበጥ ያለ ውጊያ ተቀናቃኝን የሚመልስ አንድ ቁልፍ ይሁን።

ከሁሉ የምወደው ቀይ ቀበሮውን ነው። በሰሜን ሸዋ መንዝ ጓሳ ላይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወሩ አይጥ ያድናሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው ከመንጋው ጋር ሲሆን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ ይሳካለታል። በጌሙም ቀበሮው ጠላት አይሁን፤ ባየው ቁጥር የሚሸሽ ተጫዋች ጊዜውን በከንቱ ይጨርሳል፤ ይህንንም ራሱ ተጫውቶ ይድረስበት።

3. በወረቀት ተጫወቱት

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ 10 በ10 ካሬ አስምሩ። አንዱ ጠርዝ ገደል፣ ሌላው ሁሉ ሣር ነው። ባቄላ ጭላዳው ይሁን። አንድ ቀን 12 ተራ አለው፤ አንድ እርምጃ አንድ ተራ፣ አንድ ጉርሻም አንድ ተራ ይፈጃል፤ አንድ ካሬ አንድ ጉርሻ ብቻ አለው። በቀን 4 ጉርሻ ካልበላ ይራባል። ለእርምጃ የሚቀረው 8 ተራ ስለሆነ ከገደሉ ከ4 ካሬ በላይ ሊርቅ አይችልም። በጋ ሲገባ ቁፋሮው አንዱን ጉርሻ 2 ተራ ያስፈጅ፤ ያኔ ለእርምጃ የሚቀረው 4 ተራ ብቻ ስለሆነ 4 ካሬ አዳርሶ መመለስ አይችልም፤ ይራባል! በልግ ሲዘንብ የተበላው ሣር ይመለስ። ቁጥሩን እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩት። ወረቀት ላይ የማይጥም ጌም በቀለምና በሙዚቃ አይድንም።

4. ካርታውን ከአካባቢያችሁ ውሰዱ

ለምሳሌ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ መካከላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት አለ። ይህ ራሱ የደረጃዎች ቅደም ተከተል ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ይኑር፣ ተጫዋቹ ሩቅ አይይ፤ ወደ ቦርከና ወንዝ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ የደጋውን እንስሳ ያድክመው። ለሙዚቃው አምባሰልና ባቲ ቅኝት አሉላችሁ፤ አምስት አምስት ድምፅ ስለሆኑ አጭር ዜማ ለመሥራት አያስቸግሩም።

5. ሥሩት

ለጀማሪ ስክራች የተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ይበቃል፤ ያለ ኢንተርኔትም የሚሠራ ቅጂ አለው። ስልክ ላይ የሚጫን ጌም ከፈለጋችሁ ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው። ጭላዳውን በ32 በ32 ፒክስል ሣሉት፤ በዚህ መጠን ዝርዝር ስለማይታይ ጎፈሩና ቀይ ደረቱ ከሩቅ መለየታቸው ይበቃል። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው መንፏቀቁ ይሁን፤ እሱ ካማረ እንስሳው ሕይወት ይዘራል።

6. ለሌላ ሰው ስጡት

ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ስልኩን ስጧቸውና ዝም በሉ። «እዚህ ጋ ንካው» አትበሉ። ግራ የገባቸውን ቦታ ጻፉና ሌላ ሰው ከመሞከሩ በፊት እሱን ብቻ አስተካክሉ።