ፍሬን ቤቴን ከሌላ ንግድ እንዴት እንደጠበቅኩት

ኮምቦልቻ ውስጥ የከባድ መኪና ፍሬን እሠራለሁ። ከደሴ ወደዚህ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቁልቁለቱ ግን 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጭነት ያለው መኪና በከባድ ማርሽ ሳይያዝ ፍሬን ብቻ እየተረገጠ ከወረደ ሸራው (ታምቡሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ከበሮ፣ ተጭኖ የሚይዘው የፍሬን ልባስ) ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻ መያዝ ያቅተዋል። ሥራ አይጠፋም።

ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። አንዱ «ጎማም ብትይዝ» ይላል፣ ሌላው ዘይት፣ ደላላው ደግሞ መኪና እናሻሽጥ ይላል። ብሩ ያጓጓል፣ አልዋሽም። ግን እኔ ስልክ ላይ ስደራደር ታምቡሩ ተፈትቶ መሬት ላይ ይውላል፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው ሹፌርም ቆሞ ይጠብቃል።

እንዲህ አስተካከልኩት። የሸራ መግዣውን ብር ለብቻው ሒሳብ ከፈትኩለት፣ ለሌላ ነገር አይነካም። ጎማ የሚፈልገውን ለጎረቤቴ ጎሚስታ እልካለሁ፣ እሱም ፍሬን ሲያገኝ ይልክልኛል፤ ኮሚሽን የሚባል ነገር የለም። አዲስ ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ የተፈታውን መኪና ቶሎ ያስወጣልኛል ወይ? የሸራ መብሻ ማሽን በዚህ አለፈ፣ ተገዛ። የዘይቱ ንግድ ወደቀ። አሁን ጠዋት የገባ መኪና ብዙ ጊዜ ሳይመሽ ይወጣል።