ከተቀበረ ታንከር ያፈተለከው ናፍጣ የጸዳበት መንገድ

ባሕር ዳር በምንሠራበት ማደያ አጠገብ ያለው የጉድጓድ ውኃ ናፍጣ ናፍጣ መሽተት ሲጀምር፣ ጉድጓዱን ከአገልግሎት አግደን የተቀበረውን ታንከር በመለኪያ ዘንግ ማታና ጧት ለካን፤ ሽያጭ በሌለበት ሌሊትም የነዳጁ ከፍታ ስለ ቀነሰ የፍሳሹ ምንጭ ታወቀ። ታንከሩ ተራግፎ ሲወጣ ከሥሩ ዝገት የበላው፣ እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ቀዳዳ ተገኘበት።

ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል በከርሰ ምድር ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ብዙዎች እንደ መከሩን በኃይለኛ ፓምፕ መሳብ፣ ውኃውን ዝቅ አድርጎ ናፍጣውን ከታችኛው አፈር ጋር ይለውሰዋል እንጂ አያጠራውም። እኛ በታንከሩና በጣና መካከል ጉድጓዶች አስቆፍረን ተንሳፋፊውን ብቻ ቀስ እያልን ቀዳን።

የተበከለውን አፈር በወፍራም ፕላስቲክ ላይ በስሱ አስጥተን፣ ፍግ ቀላቅለን፣ እርጥበቱን እየጠበቅን ደጋግመን አገላበጥነው፤ ናፍጣን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየርና ናይትሮጅን ይሻሉና። ዋልካ አፈር ሲረጥብ አየር ስለማያስገባ ገለባ መጨመር ግድ ሆነ፤ በክረምትም ጎርፍ ወደ ሐይቁ እንዳያጥበው ሸራ አለበስነው። የሽታ መጥፋት ብቻውን ስለማያስተማምን፣ ጉድጓዱ የተከፈተው ቤንዝን የተባለው መርዛማ ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮግራም በታች መሆኑ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።