ትልቅ ጎማና የቸርኬ ኦፍሴት፦ በፕራዶ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፕራዶዬን በኋላ ማርሽ ከግቢ ሳወጣ፣ መሪውን እስከ ጥግ እንዳዞርኩት ከፊት ግራ ጎማ በኩል ወፍራም ካርቶን ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ባየው፣ ከተገጠመ ሳምንት ያልሞላው አዲስ ጎማ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ልጦታል፤ ቦዲው ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ብረት ጫፍ ላይም ጥቁር የጎማ ፍቅፋቂ ተለጥፏል። የጎማው መጠን 285/70 17 ነበር፤ ማለትም ስፋቱ 285 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር 17 ኢንች። ፕራዶ ይህን መጠን ይችላል ብለው ብዙ ባለቤቶች መስክረውልኝ ነበር፤ አልዋሹኝም። ጥፋቱ የነበረው መልኩን ወድጄ በገዛሁት ቸርኬ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ጎማ አስገጥሞ የሚያማርር ሰው ሲያጋጥመኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የቸርኬውን ኦፍሴት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ኦፍሴትን በዓይን መምረጥ ነው። ኦፍሴት ቸርኬው ብሎኖቹ በተተከሉበት ሞዞ ላይ የሚያርፍበት ፊት፣ ከቸርኬው ስፋት መሃል መስመር ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ የሚነግር ልኬት ነው። ጀርመኖች ካወጡለት ስም በመነሣት በቸርኬው ጀርባ ላይ በ«ኢቲ» ምልክትና በቁጥር ይቀረጻል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ወደ ውስጥ፣ ዝቅ ሲል ወደ ውጭ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተሠራው ፕራዶ 120 ከፋብሪካ የሚወጣው በ265/65 17 ጎማ፣ በ7.5 ኢንች ስፋትና በኢቲ 30 ቸርኬ ሲሆን፣ እኔ የገዛሁት ደግሞ ኢቲ 0 ነበር።

ስሌቱን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፋብሪካው ጎማ ስፋት ግማሽ 132.5 ሚሊሜትር ነው፤ ኢቲ 30 ሲደመርበት ጎማው ከሞዞው ፊት ወደ ውስጥ 162.5 ሚሊሜትር ይገባል፣ ሲቀነስ ደግሞ ወደ ውጭ 102.5 ሚሊሜትር ይወጣል። የ285 ጎማ ግማሽ 142.5 ነው። በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ቢገጠም ወደ ውስጥ 172.5 ይደርሳል፤ ይህም ወደ ላይኛው የሰስፔንሽን ክንድ በ10 ሚሊሜትር ተጠጋ ማለት ነው። በእኔ ኢቲ 0 ቸርኬ ግን ውስጡ 142.5 ብቻ ሆኖ ውጩም 142.5 ሆነ፤ ማለትም ጎማው ከፋብሪካው ይልቅ 40 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጣ። ኢቲ 20 መርጬ ቢሆን ኖሮ የውስጡ ክፍተት ልክ እንደ ፋብሪካው 162.5 ላይ ይቀር ነበር፤ ውጩም የሚጨምረው 20 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ጎማው በ20 ሚሊሜትር ሲሰፋ ኦፍሴቱን በ10 መቀነስ የውስጡን ክፍተት ሳይነካ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ መቀነስ ለመልክ ካልሆነ በቀር በዚህ መጠን አያስፈልግም።

ወደ ውጭ የወጣ ጎማ ከውስጥ ያለውን ዕቃ ስለሚርቅ መንካቱን ይተዋል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ለፊት ጎማ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የፊት ጎማ መሪው ሲዞር ባለበት ቦታ እንደ እንዝርት አይሾርም፤ ከእርሱ ወደ ውስጥ ባለ የመዞሪያ ዘንግ ዙሪያ፣ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር ሆኖ ይዞራል። በሩ በሰፋ ቁጥር ጫፉ የሚያካልለው ቦታ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ ጎማው ከዘንጉ በራቀ ቁጥር የፊትና የኋላ ጫፎቹ የሚሠሩት ክብ ይሰፋና የመከላከያውን ጥግ፣ የጭቃ መከላከያውንና ያንን የቦዲ ማሰሪያ ብረት ያገኛል። መዘዙ በዚህም አያበቃም፤ በኮረኮንች ላይ መሪው እጅን ይመታል፣ ኩሽኔታው ያልታሰበለትን ጫና ይሸከማል፣ በክረምትም ጭቃው በሙሉ በሮቹ ላይ ያርፋል። ስፔሰር፣ ማለትም በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ የብረት ቀለበት፣ ማስገባትም በመልክ ይለይ እንጂ በሥራው ያው ነው፤ በኢቲ 30 ቸርኬ ሥር 30 ሚሊሜትር ስፔሰር ያስገባ ሰው ኢቲ 0 ገጠመ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሚላላ ተጨማሪ የብሎን ረድፍ ይዞ ይጓዛል።

ጎማው መንካት ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሞላ ቀይርና ሁለት ኢንች ከፍ አድርገው» የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሞላው መኪናውን ከፍ የሚያደርገው ቆሞ ሳለ ወይም በደህና መንገድ ሲሄድ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅና ሰስፔንሽኑ እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ፣ የሰስፔንሽኑን ጉዞ የሚያቆመው የመጨረሻ መምቻ ላስቲክ ካልረዘመ በስተቀር ጎማው የሚደርሰው ድሮ ከሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ከሁለት ኢንች በላይ ከፍ ማድረግ ደግሞ የፊቱን ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም ኃይልን ወደ ፊት ጎማ የሚያስተላልፈውን ተጣጣፊ መገጣጠሚያ፣ ባልተሠራበት አንግል እንዲሠራ ያስገድዳል። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት መኪናው ተጨንቆ ሳለ ነው። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም መወጣጫ ላይ አውጥተው፣ የሚመራዎት ሰው ውጭ ቆሞ፣ መሪውን ቀስ እያሉ ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩት፤ ከዚያም ወደ ኋላ ማርሽ አስገብተው ይድገሙት። የእኔ ጎማ ወደ ፊት ስሄድ ምንም አልነካም ነበር።

«ስድስት ብሎን ስድስት ብሎን ነው» የሚለውም አባባል ገንዘብ ያስከፍላል። የፕራዶ፣ የኒሳን ፓትሮልና የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ብሎኖች ሦስቱም 139.7 ሚሊሜትር ክብ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ የመሃል ቀዳዳቸው ግን ይለያያል። የፓጄሮው 67.1 ሚሊሜትር ስለሆነ 106.1 የሆነው የፕራዶ ሞዞ ላይ ጨርሶ አይገባም፤ የአሮጌው ፓትሮል 110 ስለሆነ ይገባል፣ ዙሪያውን ግን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይላወሳል። እንዲህ ያለውን ቸርኬ መሃል የሚያስይዘው ዳዶው ብቻ ስለሆነ መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ማጥበቅ ግድ ነው። ዳዶውም ራሱ ይመረመር፤ የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ ዋሸርና ቀጥ ያለ አንገት ባለው ዳዶ ሲታሰር፣ ብረት ቸርኬና አብዛኛው ከውጭ የሚገዛ ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። አንዱን በሌላው ቦታ መግጠም ቸርኬው ቀስ በቀስ እንዲላላ መፍቀድ ነው።

አሁን ወደ ጎማው ቁመት እንለፍ። የ265/65 17 ዲያሜትር 776 ሚሊሜትር ሲሆን የ285/70 17 ደግሞ 831 ነው፤ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ዳሽቦርዱ 100 ሲያሳይ መኪናው ከፋብሪካው ጎማ ይልቅ በ7 በመቶ ይፈጥናል፤ ቆጣሪው 10,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ጎማው 10,700 ተጉዟል። «ጎማ ከቀየርኩ ወዲህ ነዳጅ በላብኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ቢያካክስ የቅሬታው ከፊል ይቀልለታል። ሌላው ከፊል ግን እውነት ነው፤ ማርሹ ሁሉ በ7 በመቶ ረዝሟል፣ ጎማውም ከብዷል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ቱርቦ የሌለው የ2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር ቀድሞውኑ ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ቢያንስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን አጥቷል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይህ በግልጽ ይታወቃል። ከመውጣት ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን መውረዱ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል አለ፤ ትልቁ ጎማ ፍሬኑን በረዘመ ክንድ ይታገለዋል፣ በዚያው ማርሽ ሞተሩ የሚይዘው ኃይልም ይቀንሳል። የለመዱትን ማርሽ ይዘው አይውረዱ፤ አንድ ማርሽ ዝቅ ይበሉ።

አራት ጎማ ገዝቶ ስኮርታውን በድሮው መጠን መተው ሌላው ቁጠባ መሳይ ኪሳራ ነው። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል የመሃል ዲፈረንሻል ያለው መኪና ነው፤ 7 በመቶ የሚያንስ አንድ ጎማ ይዞ ረጅም መንገድ ከሄደ ያ ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ሲፋተግ ይውላል። አምስተኛው ጎማ በኋላ በር ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ክብደቱ በማጠፊያው ላይ እንደሚያርፍም አይዘንጉ።

ስለ ነፋስ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የነፋስ ግፊት ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ አንዳንድ ጎሚስታ ግን እንደ ትእዛዝ አንብቦ እስከዚያው ይሞላል፤ መኪናው በጠጠር ላይ እንደ ኳስ ይዘላል። በሌላ በኩል «ኤልቲ» (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል ምልክት ያለው ጠንካራ ጎማ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከፋብሪካው ጎማ መጠነኛ ጭማሪ ይፈልጋል። ሲገዙም በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት የምርት ቀን አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

እኔ በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው ቸርኬ ተመልሼ 265/70 17 አስገጠምኩበት። ዲያሜትሩ 803 ሚሊሜትር ነው፤ መኪናው ከመሬት የራቀው 13 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን ስፋቱ ስላልተለወጠ የሚነካው ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜውን በአስፋልትና በጠጠር ለሚያሳልፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም። ኢቲ 0 የነበሩትን ቸርኬዎች አሮጌ ላንድክሩዘር 80 ያለው ሰው ወሰዳቸው። ከጀርባቸው ያለውን ቁጥር ሳሳየው ሳቀና የራሱን መኪና ቸርኬ ገልብጦ አሳየኝ፤ የ80ው የፋብሪካ ኦፍሴት ዜሮ ነው።